ከድሬዳዋ በዳያል-አፕ (በስልክ መስመር በመደወል) ኢንተርኔት የሚያገናኝ አቅራቢ ፍለጋ

ዊንዶውስ 98 የተጫነበት ኮምፒውተር፣ ባለ 56ኬ (በሰከንድ እስከ 56,000 ቢት) ውጫዊ ሞደም (ኮምፒውተርን በስልክ መስመር የሚያገናኝ መሣሪያ)፣ ባለ 9 ፒን ሲሪያል ገመድና ከዚራ ሰፈር ያለ ቤት የገባ መደበኛ የስልክ መስመር አለኝ። ሞደሙ ደህና ነው፤ ሃይፐርተርሚናል (ለሞደም ትእዛዝ የሚጻፍበት የዊንዶውስ ፕሮግራም) ላይ «ኤቲ» ስጽፍ «ኦኬ» ይመልሳል።

መጀመሪያ «ኖ ዳያልቶን» (የመደወያ ቃና የለም) እያለ አስቸገረ። ቀፎው ላይ ድምፁ ይሰማል፤ ሞደሙ ግን የተሠራው ለሌላ አገር ቃና ስለሆነ አያውቀውም። «ኤቲኤክስ3» ሲሰጠው ቃናውን ሳይጠብቅ ይደውላል። ይሄ ተፈታ።

አሁን የቸገረኝ ወዲያ ማዶ ነው። ድሮ የነበረኝ የአቅራቢ ቁጥር ይጠራል፣ የሚያነሳው ሞደም ግን የለም፤ 60 ሰከንድ ቆይቶ «ኖ ካሪየር» (ከወዲያኛው ሞደም ምልክት አልመጣም) ይላል። «ኤስ7=120» ብዬ መጠበቂያውን 120 ሰከንድ አደረግኩት፣ ያው ነው። ስፒከሩን ከፍቼ ሳዳምጥ ሞደሞች ሲገናኙ የሚያሰሙት ያ የታወቀው ጩኸት ጭራሽ የለም፤ ስለዚህ የመስመር ጥራት ጉዳይ አይመስለኝም።

ለማረጋገጥ ሐረር ወዳለ ወዳጄ ሞደም ደወልኩ፤ «ኤስ0=1» ብሎ ራሱ እንዲያነሳ አድርጎታል። በሰከንድ በ28800 ቢት ተያያዝን፣ ፋይልም አለፈ። ሁለቱም ጫፍ አናሎግ ስለሆነ ከ33600 በላይ አይሄድም፤ ለ56ኬ አቅራቢው ዘንድ ዲጂታል መስመር የግድ ነው። እኔ ፍጥነት አልፈልግም፤ ፒፒፒ (በስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚያገናኝ ስምምነት) ተቀብሎ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) የሚሰጥ ይበቃኛል። የወዳጄን ስልክ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይዞ መዋል አይሆንም፣ ቤተሰቡም ይደውልበታል።

ከ025 (የድሬዳዋ አካባቢ የስልክ ኮድ) መስመር ሲደወልለት ዛሬም የሞደም ጥሪ የሚያነሳ የትኛው አቅራቢ ነው?