ግቢዬ ውስጥ ያለው የመብራት ፖል ሊወድቅብኝ ነው፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ናችሁ፣ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምከረኝ ጨንቆኛል። ቤቴ ለገጣፎ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው፣ ስንገባ ሰፈሩ ባዶ ስለነበር ቆጣሪውን አጥሩ በር ላይ አስገጥመን ከዛ እስከ ቤት በራሳችን ወጪ የባህር ዛፍ ፖል አቁመን ነው ገመድ የሳብነው። አሁን ፖሉ በስብሷል፣ ላዩን ስታዩት ደህና ይመስላል ግን እግሩ ስር አፈሩን ጫር አድርጌ በካቻቢቴ ስወጋው እንደ ዳቦ ገባ፣ ምስጥም አለው። ክረምቱ መሬቱን ጭቃ ስላደረገው ወደ ጎረቤት ቆርቆሮ ዘሟል፣ 220 ቮልት ቆርቆሮ ላይ ቢያርፍ አስቡት፣ ልጆች አሉ።

መብራት ኃይል ሄጄ ስጠይቅ ከቆጣሪ ወዲህ ያለው ያንተ ነው አሉኝ። እሺ ይሁን፣ ግን ሁለት ጎረቤቶች ገመዳቸውን በኔ ፖል አሳልፈዋል (እኔው ነኝ የፈቀድኩት፣ ይሉኝታ ገደለኝ)። የራሴን ብሬከር ባጠፋም የነሱ ከሌላ ቆጣሪ ስለሚመጣ ገመዱ ኮረንቲ እንዳለው ነው፣ ኤሌክትሪሺያኑም ሁሉም ካልጠፋ አልነካም ብሏል፣ ልክ ነው። አንደኛው ጎረቤት ደግሞ ፖሉ ያንተ፣ ወጪውም ያንተ ይለኛል።

ቢወድቅ ተጠያቂው እኔ ብቻ ነኝ? በብረት ልቀይረው ወይስ በእንጨት? ያጋጠማችሁ እንዴት ጨረሳችሁት?