ከኤስፒአይ ፍላሽ ማንበብ ቀርፋፋ ሆነብኝ፣ ክሎክ ብጨምርም ለውጥ የለም

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማይክሮኮንትሮለር ላይ በኤስፒአይ (ዳታ በክሎክ ምት ቢት በቢት የሚያልፍበት መገናኛ) ለተገጠመ ኖር ፍላሽ (መብራት ቢጠፋም ዳታ የሚይዝ ቺፕ) ድራይቨር እየጻፍኩ ነው፣ መጻፉም ማጥፋቱም ልክ ይሰራል ንባቡ ግን አልሄድ አለኝ። ክሎኩ 40 ሜጋኸርትዝ ነው፣ ዳታው በአንድ መስመር ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ በሰከንድ ወደ 5 ሜጋባይት መሆን ነበረበት፣ የማገኘው ግን 600 ኪሎባይት አካባቢ ነው። ክሎኩን 80 ሳደርገውም ያው ነው። የማነበው በ03 ሄክስ ትዕዛዝ ነው፣ ባይት በመጣ ቁጥር ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ከስራው የሚያቋርጥ ጥሪ) ይነሳና ሃንድለሩ (ጥሪውን የሚያስተናግደው ኮድ) በፈር ውስጥ ይከተዋል። ከላይ ሊትልኤፍኤስ (ፍላሹ ላይ ፋይል የሚያስተዳድር የፋይል ሲስተም) አለ። ቺፑን ልቀይረው እንዴ?

መልስ 1፦
ኧረ ቺፑን አትንካው ወንድሜ። ሒሳቡን እየው፣ በ40 ሜጋኸርትዝ አንድ ባይት 8 ክሎክ ነው፣ 0.2 ማይክሮሰከንድ። አንተ የምታገኘው 600 ኪሎባይት ግን ለአንድ ባይት ወደ 1.7 ማይክሮሰከንድ እየወሰደብህ ነው ማለት ነው። ቀሪው 1.5 የሚያልቀው ፕሮሰሰሩ ኢንተራፕት ሲገባ፣ ሬጅስተር ሲያስቀምጥ፣ ፍላግ ሲያይ፣ ተመልሶ ሲወጣ ነው፣ ፍላሹማ ቁጭ ብሎ እየጠበቀህ ነው። ክሎኩን እጥፍ ስታደርገው ከ1.7 ላይ የቀነስከው 0.1 ብቻ ስለሆነ ነው ለውጥ ያላየኸው። ሎጂክ አናላይዘር (የፒን ምልክት የሚያሳይ መሳሪያ) ካለህ የክሎክ ፒኑ ላይ ሰካው፣ 8 ምት ከዛ ረጅም ክፍተት ከዛ ደግሞ 8 ምት ታያለህ። መፍትሄው ዲኤምኤ (ፕሮሰሰሩ በየባይቱ ሳይገባበት ዳታውን ወደ ራም የሚያስገባ ሃርድዌር) ነው። ደግሞ 03 በብዙ ቺፖች የክሎክ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ 80 ላይ መስራት ከፈለግክ ዳታሺቱን አይተህ 0ቢ (ፈጣኑን የንባብ ትዕዛዝ) ተጠቀም፣ ከአድራሻው በኋላ 8 ባዶ ክሎክ መላክ እንዳትረሳ።

መልስ 2፦
ዲኤምኤው ልክ ነው ግን ፕሮሰሰርህ ዳታ ካሽ (የራም ዳታ ቅጂ የሚይዝ ፈጣን ሜሞሪ) ካለው ተጠንቀቅ፣ ዲኤምኤ ራም ላይ ሲጽፍ ካሹ አያውቅም፣ ስለዚህ አሮጌውን ዳታ ታነብና ፍላሹ የተበላሸ ይመስልሃል። በፈሩን በካሽ መስመር (ካሹ አንዴ በሚይዘው የባይት ክፍል) ልክ አስተካክለህ አስቀምጠው፣ መጠኑንም የመስመሩ ብዜት አድርገው፣ ዝውውሩ ሲያልቅ ካሹን ኢንቫሊዴት አድርግ (አሮጌውን ቅጂ አስጥለው)። ለጥቂት ባይት ንባብ ደግሞ ዲኤምኤ ማዘጋጀቱ ራሱ ከንባቡ በላይ ሊወስድ ስለሚችል ለትንንሹ ፖሊንግ (ፍላጉን ደጋግሞ እያዩ መጠበቅ) ይሻላል፣ ድንበሩን ለክተህ ወስን።

መልስ 3፦
ሊትልኤፍኤስ ካልክ ኮንፊጉን አሳየን፣ ብዙ ሰው ከሪድሚው ምሳሌ እንዳለ ነው የሚገለብጠው፣ እዛ ሪድ ሳይዙም (ትንሹ የንባብ መጠን) ካሽ ሳይዙም (የሊትልኤፍኤስ የራሱ በፈር መጠን) 16 ባይት ነው። ለ16 ባይት ዳታ 4 ባይት ትዕዛዝና አድራሻ ትልካለህ፣ አምስተኛው ክፍል እዛው ሄደ፣ ቺፕ ሴሌክት (ቺፑን የሚመርጠውን ፒን) ማውረድና ማንሳቱ ሳይቆጠር። ካሽ ሳይዙን 256 ወይ 512 አድርገው። ራም ይበላል ግን፣ ለንባብ አንድ፣ ለጽሑፍ አንድ፣ ለተከፈተ ፋይል ሁሉ ደግሞ አንድ አንድ ስለሚይዝ ብዙ ፋይል አንዴ የምትከፍት ከሆነ አስበህ አድርገው።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! አናላይዘሩ ላይ ክፍተቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ኮንፊጉም እውነትም 16 ነበር፣ 512 አደረግኩት፣ ዲኤምኤውንም አስገባሁ፣ አሁን በ40 ሜጋኸርትዝ ትልቅ ፋይል ሳነብ 4 ሜጋባይት አልፏል። አሁን ኳድ (በአራት የዳታ መስመር ማንበብ) ብገባስ ያዋጣል?

መልስ 1፦
አሁን አዎ፣ ምክንያቱም አሁን የሚይዝህ መስመሩ ራሱ ነው። አራቱም የዳታ ፒኖች ቦርዱ ላይ መገናኘታቸውንና ኮንትሮለርህ ኳድ መቻሉን እይ፣ ከዛ ስታተስ ሬጅስተር ላይ ያለውን የኳድ ማብሪያ ቢት አብራው፣ ቦታው ከአምራች አምራች ይለያያል። 6ቢ የሚባለው የንባብ ትዕዛዝ ዳታውን ብቻ በአራት መስመር ያመጣል፣ ኢቢ የሚባለው ግን አድራሻውንም በአራት ይልካል፣ 24 ክሎክ የነበረው 6 ይሆናል፣ እዚህም እዛም ትንሽ ትንሽ ለምታነብ ከሆነ እሱ ይሻልሃል። የባዶ ክሎኩ ቁጥር ከተሳሳተ ዳታው ተንሸራቶ ይመጣል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ይዘቱን የምታውቀውን ሴክተር በ03ም በኢቢም አንብበህ አወዳድር።