አስቸኳይ፦ መርሴዲስ 124 ኋላዋ ደርቆ ይነጥራል፣ ለእሑድ ሠርግ ትፈለጋለች

ማራኪ 300 (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። ጎንደር ነኝ። መኪናዋ እሑድ ሙሽራ ትይዛለች፣ ዛሬ ሐሙስ ነው። መርሴዲስ 300ኢ (124 ከሚባለው ቦዲ)፣ የ1990 ሞዴል። ከትናንት ጀምሮ ኮብልስቶን ላይ ኋላዋ ይነጥራል፣ ትንሽ ጉድጓድ ስትገባ ወገብ ትሰብራለች። ከፊት በግራ በኩል ደግሞ ቀስ ሲባል ቋ ቋ የሚል ድምፅ አለ። መካኒኩ አራቱም ሾክ አልቀዋል፣ ሞላዎቹም አብረው ይቀየሩ ብሏል። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ ከሰዓት ሶማሌ ተራ ገብቶ ይገዛና ነገ በጠዋቱ አውሮፕላን ይመጣል። የትኛውን ሾክ ልበለው? የምታውቁ ቶሎ በሉ፣ ስልክ ላይ እየጠበቀኝ ነው።

የአዘዞ ጎማ ቤት
መጀመሪያ ንፋሱን አስለካ። የዚህች መኪና የፋብሪካ ጎማ 195/65 ባለ 15 ነው፣ የንፋሱ ልክ ነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ተለጥፏል። ከልኩ በላይ የተነፋ ጎማ ኮብልስቶን ላይ ሾክ ያለቀ ያስመስላል።

ሾክ በሾክ
አራቱንም ቀይር። ሳክስ ወይም ቢልስታይን በለው። አንዱን ብቻ አትቀይር፣ ጥንድ ጥንዱን ነው።

ጋሽ ቶርኖ
ልጄ፣ ከመግዛትህ በፊት ነገሩን ለይ። ሞላ ክብደት ይሸከማል፤ ሾክ የሞላውን ውዝዋዜ ያበርዳል። ሾክ ያለቀበት መኪና ይለሰልሳል፤ ጉድጓድ ካለፈም በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። አንተ የነገርከን ተቃራኒውን ነው፤ ደረቀ፣ ነጠረ አልክ። በአንድ ሌሊት የሚደርቅ ሾክ የለም። ሾክ ቀስ እያለ ነው የሚያልቀው፣ ነጂው እንኳ ሳያውቀው።

የኋላ ብራቾም (ጎማውን ከቦዲው የሚያያዘው ክንድ) አይደለም። በ124 ኋላ በእያንዳንዱ በኩል 5 ብራቾ አለ፤ መርሴዲስ ይህን አሠራር በ1982 በ190 ላይ ጀምሮ ነው ወደ 124 ያመጣው። የነሱ ጎሚኒ (መጋጠሚያው ላይ ያለው ጎማ) ሲበላ ኋላው መንገድ ላይ ይቅበዘበዛል፣ ጎማም በአንድ ጎኑ ይበላል። አይደርቅም። ስለዚህ ሰው ሥር ገብቶ ሳያይ "አራት ሾክ፣ አራት ሞላ" የሚል ምርመራ ምርመራ አይባልም።

ቆላ ድባ መንገድ
ጋሼ እውነታቸውን ነው። ሾክ ከመግዛትህ በፊት ሚዜዎቹን ጥራ። ከጥምቀት ጀምሮ ጠላና ዶሮ ላይ የከረሙትን ሁለቱን ወፍራሞች ምረጥና ሞተር አስነስተህ የኋላ ኮፈኑ ውስጥ አስቀምጣቸው። መኪናዋ ዝቅ ብላ ከአንድ ደቂቃ አካባቢ በኋላ ራሷ ተመልሳ ከፍ ካለች ሾክ የሚባል ነገር ኋላዋ ላይ የለም ማለት ነው። ከፍ ካላለች ሚዜ ቀይር።

ባለ 480
ከላይ ያለውን እንደ ቀልድ አትለፈው፣ ትክክለኛው መመርመሪያ እሱ ነው። ወንድምህን ቆይ በለውና ሁለት ነገር አይተህ ጻፍ።

አንደኛ፣ ኮፈኑን ክፈትና ራዲያተሩ ላይ ባለው አግዳሚ ብረት የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ አንብብ። ከቁጥሮቹ መካከል 480 ካለ ኋላዋ በዘይት ግፊት ከፍታዋን ራሷ የምታስተካክል ናት። ሁለተኛ፣ ከመሪው ዘይት ማጠራቀሚያ ሌላ አንድ ተጨማሪ የዘይት ማጠራቀሚያ አለ ወይ? ዘይቱ ምን ዓይነት ቀለም አለው? እግረ መንገድህን ከኋላ ጎማዎቹ ትንሽ ቀደም ብሎ በወለሉ ሥር በግራና በቀኝ የብርቱካን ያህል የብረት ኳስ ካለ ተመልከት።

ሾክ በሾክ
ይህን ሁሉ ምን አመጣው? መኪናው 30 ዓመት አልፎታል፣ ሾክ ነው። አራቱንም ቀይርና ተገላገል።

ማራኪ 300 (ጠያቂ)
480 አለ! ኳሶቹም አሉ፣ ግራው አካባቢ ዘይት አርሶታል። ሁለተኛው ማጠራቀሚያ የምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ ታች ጥቂት አረንጓዴ ዘይት ቀርቶታል። መካኒኩ የፍሬን ዘይት ልጨምርበት እያለ ነው።

ባለ 480
አይጨመር! እጁን ያዘው። የፍሬን ዘይት የዚህን ሲስተም ጎማዎች ያሳብጣል፤ ፖምፓውንም፣ ቫልቩንም፣ ኋላ ያሉትንም በአንድ ቀን ያጠፋቸዋል። የካምቢዮ ዘይትም፣ የመሪ ዘይትም አይሆንም። የሚገባው ዜድ ኤች ኤም የሚባለው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የመርሴዲስ 343.0 የሚል ፈቃድ መጻፍ አለበት። እሱ እስኪገኝ ሞተሩን አታስነሳ፣ ፖምፓው ያለ ዘይት ከዞረ ይበላል።

አሁን ስለ ችግሩ። በአንቺ መኪና ኋላ ሾክ የሚመስሉት ሁለቱ የዘይት ሲሊንደሮች ናቸው። መተጣጠፉን የሚሰጠው ኳሶቹ ውስጥ የታፈነው ናይትሮጅን ነው፤ ጋዙንና ዘይቱን የሚለይ ስስ ጎማ መሐል ላይ አለ። ጎማው ሲቀደድ ወይም ጋዙ ሲያልቅ ኳሱ በዘይት ይሞላል። ዘይት ደግሞ አይጨመቅም። ስለዚህ ከፍታዋ ደህና ሆኖ ሳለ ኋላዋ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ኋላዋ ወርዳ ብትቀር ኖሮ ፖምፓውን፣ ከፍታ የሚለካውን ቫልቭ ወይም ከባራው (መኪናዋ ወደ ጎን እንዳትጋደል ከሚይዛት ብረት) ጋር የሚያያዘውን ትንሽ ዘንግ እንጠረጥር ነበር።

ወንድምህ የሚገዛው፦ ኳስ 2 (ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚቀየሩት)፣ ያው ዜድ ኤች ኤም ዘይት 3 ሊትር። የኋላ ሾክም ሞላም አይግዛ። ኳሱን ሶማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና የወጣ እንዳይወስድ፤ ያገለገለ ኳስ ጋዝ ይኑረው አይኑረው በዓይን አይታይም። ካነሳው በኋላ ከመሰሉ ከብዶ ከተገኘ ወይም ሲያዘነብለው ብዙ ዘይት ካፈሰሰ የሞተ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጋዝ የታፈነበት ዕቃ ስለሆነ በሻንጣ አውሮፕላን ላይ ሊከለከል ይችላል። ዛሬ ማታ በመንገድ ለሚነሳ ሰው ይስጠው፤ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ነገ ማታ ይደርሳል።

ማራኪ 300 (ጠያቂ)
"አንቺ" ያልከው ለመኪናዋ ነው መሰለኝ፣ ይሁን። ነገሬዋለሁ። ግራው ላይ ያለው መፍሰስስ? ሲሊንደሩ ራሱ ቢሆንስ?

ባለ 480
የሲሊንደሩን የአቧራ መከላከያ ጎማ ከታች ጨመቅ አድርገው። ውስጡ ዘይት ከሞላ ሲሊንደሩ ነው፣ ይቀየራል። ደረቅ ሆኖ ቧንቧው ከኳሱ ጋር የሚገናኝበት ብቻ ከረጠበ ኳሱ ሲቀየር አብሮ ያልቃል። ጠርገህ አድርቀህ ነው የምታየው፤ ዘይት ከላይ ወርዶ ሁሉንም ስለሚያረጥብ መጀመሪያ ያየኸው ቦታ ያታልላል።

ዳሽን በር
የማይገባኝ ነገር፣ ይህን ሲስተም ለምን ጠብቃችሁ ትይዛላችሁ? ዘይቱም ኳሱም እዚህ አይገኝም። አውጥቶ መጣል፣ የተራውን 124 ሾክ አስገብቶ መገላገል። ሠርጉም በሰላም ያልፋል።

ባለ 480
ሐሳቡ አይጠላም፣ ግን እንደተባለው ቀላል አይደለም። ይህ ሲስተም ያላቸው መኪኖች የኋላ ሞላቸው ከተራው የደከመ ነው፤ ቀሪውን ክብደት ዘይቱ ነው የሚሸከመው። ተራ ሾክ ብቻ ብታስገባ ሦስት ሰው ኋላ ሲቀመጥ መሬት ትስማለች። ተራውን ሞላ፣ ተራውን ሾክ፣ የሾኩን የላይ ጎሚኒ፣ ሌላው ቀርቶ ፖምፓው የሚገፋውን ዘይት መመለሻ መላ ማሰብ አለብህ። ያ ለሐሙስ ማታ የሚሆን ሥራ አይደለም።

የአዘዞ ጎማ ቤት
ጎማ ቤት ናይትሮጅን ይሞላል እኮ። ኳሱን በሱ ማስሞላት አይቻልም?

ጋሽ ቶርኖ
አይቻልም። የፋብሪካው ኳስ መሙያ ቀዳዳ የለውም፣ የጎማ ቤት መሣሪያም ያን ግፊት አይደርስም። በድሪል በስቶ ቫልቭ የሚበይድ ሰው ካገኘህ እንዳትጠጋ፤ ግፊት ያለበት ኳስ ሲበሳ ሰው ይገድላል።

አሠራሩንም ልናገር፣ መካኒኩ ያንብበው። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ትቁም፣ ሞተር ይጥፋ። ማንም ሥር ከመግባቱ በፊት ቦዲዋ በጠንካራ መደገፊያ ይያዝ፤ በክሪክ ብቻ አይሆንም፣ ምክንያቱም ግፊቱ ሲለቀቅ ኋላዋ ቁጭ ትላለች። ከፍታ የሚለካው ቫልቭ ላይ የማስተንፈሻ ቡሎን አለ፤ ቀጭን ቱቦ አድርግበትና ሌላውን ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ ክተት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይከፈት። ዘይቱ መውጣት እስኪያቆም የትኛውም ቧንቧ አይነካ፤ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል። ቧንቧዎቹ ከዛጉ ከሌሊቱ ጀምሮ የዝገት ማላቀቂያ ይረጭባቸው፤ በተራ ቁልፍ ከተሞከሩ ራሳቸው ይላጋል፣ የቧንቧ ቁልፍ ይያዝ። ኳሶቹ ይቀየሩ፣ አዲስ ዘይት እስከ ላይኛው ምልክት ይሞላ፣ ሞተር ይነሳ፣ ኋላው ሰው ተጭኖበት ይጠበቅ፣ የዘይቱ ደረጃ እንደገና ይታይ። የጎማ ቡሎኖቹ በ110 ኒውተን ሜትር ይጠብቁ።

ማራኪ 300 (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የፊቱ ቋ ቋስ? እሱንም አብሮ ያምጣ?

ፊት እግር
የፊቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከርካሹ ጀምር። አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ ያወዛውዝ፣ አንተ በኮፈኑ በኩል የሾኩ ጫፍ ላይ እጅህን አሳርፍ። ምቱ እጅህ ላይ ከተሰማ የላይኛው የሾክ ጎሚኒ ነው። እዚያ ካልተሰማ የመሪውን ቴስቲኒዎች፣ ማለትም የዘንጎቹን ጫፍ መጋጠሚያዎች፣ እና በስተቀኝ ያለውን የመሪ ደጋፊ ክንድ ቡሽ ያዝ፤ ቡሹ ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰው ግን የመሪ ሳጥን አለቀ ብሎ ያልፈዋል።

ቦል ጆይንት (ብራቾውን ከጎማው መያዣ ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) ሲታይ አብዛኛው ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። በ124 የፊት ሞላው የሚቀመጠው ታችኛው ብራቾ ላይ ነው። ጎማውን አየር ላይ አንጠልጥለህ ብትነቀንቀው ሞላው ቦል ጆይንቱን ወጥሮ ስለሚይዘው የተበላም ደህና ይመስላል። ክሪኩን ከብራቾው ሥር ጫፉ ላይ አድርገህ አንሳ፣ ከዚያ ረጅም ብረት ከጎማው ሥር ከትተህ ወደ ላይ ፈንቅል። ላይና ታች ይዘህ ስትነቀንቀው ከተንቀሳቀሰ ግን ኩሽኔታውንም አስብ፤ የፊቱ ኩሽኔታ የሚጠብቅ ነው፣ ሁልጊዜ መቀየር የለበትም።

ለእሑድ የሾክ የላይ ጎሚኒ 2 እና የመሪ ደጋፊ ክንድ ቡሽ 1 ያምጣ። የብራቾ ጎሚኒ ከሆነ ለሌላ ሳምንት ይቆይ፤ እሱ ሞላ ማውጣት ይፈልጋል፣ ሞላው ደግሞ ከውስጥ በሚገባ መጭመቂያ ካልሆነ አይወጣም። ከውጭ በመንጠቆ የሚይዘው እዚህ ቦታ የለውም። የብራቾው ቡሎኖች የጎማውን አላይመንት የሚያስተካክሉ ስለሆኑ ሳይፈቱ በፊት ምልክት ይደረግባቸው፣ መጨረሻ የሚጠብቁትም ጎማዎቹ መሬት ረግጠው ነው። አየር ላይ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ በጥቂት ወራት ይቀደዳል።

እና የሾኩን የላይ ዳዶ ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ማንም እንዳይፈታው። ብራቾውን ወደ ታች እንዳይወርድ የያዘው ሾኩ ነው፤ ክሪክ ሳይደገፍ ከተፈታ ሞላው ይፈናጠራል።

ሾክ በሾክ
ይኸው የፊት ሾክ መጣ አይደል። አብሮ ይቀየር።

ማራኪ 300 (ጠያቂ)
ወንድሜ አንዱን ሱቅ ጨርሶ ሁለተኛው ገብቷል፣ ዘይቱን አግኝቷል፣ ኳሱን እየፈለገ ነው። ባይገኝ እሑድ ልንቀሳቀስባት እችላለሁ? ከማራኪ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከዚያ ለፎቶ ጎሃ ነው።

ባለ 480
ዘይቱ ተሞልቶ አንድ ሰዓት ሞተር ሲሠራ የዘይቱ ደረጃ ካልወረደ፣ ሙሽሮቹን ብቻ ይዘህ በዝግታ ትችላለህ። ኋላ ሦስተኛ ሰው አይቀመጥ፣ ዕቃም አይጫን። ደረጃው ከወረደ በምንም ዓይነት ሌላ መኪና ፈልግ፤ የጎሃን ዳገት ወጥተህ ፖምፓው ቢበላ ሠርጉም አይድን፣ መኪናዋም አትድን።

ቆላ ድባ መንገድ
ሚዜዎቹ በባጃጅ!

ጠዳ 230
ተሳካ ወይ ማራኪ? እግረ መንገዴን ልጠይቅ፣ የኔ 230ኢ ነው፣ ሰሌዳው ላይ 480 የለም፣ ኋላው ግን በግራ በኩል ዝቅ ብሏል። ይህም ኳስ ነው?

ፊት እግር
480 ከሌለ ኳስ የለም፣ ያንተ ተራ ሞላና ሾክ ነው። ሞላው ተሰብሮ እንደሆነ የታችኛውን ጥምዝ በእጅህ ዳሰው፣ እዚያ ነው የሚሰበረው። ካልተሰበረ ከሞላው ላይ ያለውን የጎማ መቀመጫ አውጥተህ ጠርዙ ላይ ያሉትን ጉብታዎች ቁጠር፤ ከ1 እስከ 4 አላቸው፣ ጉብታው በበዛ ቁጥር ጎማው ይወፍራል። ግራና ቀኙ የተለያየ ቁጥር ከሆነ ከዚህ በፊት አንድ ሰው አምታቶ ገጥሞታል።