«ሳይቱ ሁሉ ተለውጧል»፦ የቱ ሳይት?

ውሃልክ፦ ማታ እዚህ «የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወጣ ወዲህ የግንባታ ሳይቱ ሁሉ ተለውጧል፣ ሄልሜት የሌለው ሰው አይታይም» ያልከው ሰውዬ፣ አዲስ አበባ ዳር ኮዬ ፈጬ ደርሰህ ታውቃለህ? ወይስ ከመኪና መስኮት ነው ያየኸው?

ሞራሌ፦ እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። አንቀጽ 92 አሠሪው መከላከያ ያቅርብ፣ የደህንነት ሠራተኛ ይመድብ፣ አደጋ መዝግቦ ለተቆጣጣሪ ያሳውቅ ይላል። ይህ ባይኖር ትልልቆቹ ኮንትራክተሮች ወደ ብረት መወጣጫና መረብ የገቡት ለጽድቅ ብለው ነው?

ፌሮ፦ የቀድሞው አዋጅ 377/1996ም ያንኑ ይል ነበር ወንድሜ። አዋጁ ቁጥር ቀየረ፣ የአጣናው መወጣጫ እንዳለ አለ።

ውሃልክ፦ እኔን «ሁሉ» ናት የገረመችኝ። ሁሉ! እስቲ አንድ ጂ ፕላስ ፎር፣ ከምድር በላይ አራት ፎቅ ያለው ሕንፃ እንይ። አጣናው እርጥቡን ይመታል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ሚስማሩ ይላላል። መራመጃው ፎርምወርክ (የአርማታ ቅርጽ ማውጫ) ላይ ሦስት አራቴ የተሠራበት፣ አርማታ የበላው ጣውላ ነው፤ ጫፉ በሚስማር ስላልተመታ አንዱን ሲረግጡት ሌላው ይነሣል። መራመጃው ዳር በወገብ ቁመት መያዣ የለም። ሄልሜቱ እዚህ ምን ሊሠራ?

ሞራሌ፦ ከመውደቅ የሚይዘው ሴፍቲ ቤልትስ?

ውሃልክ፦ የት ይታሰር? እዚያው አጣና ላይ! አብረው ይወርዳሉ።

ሕግ ነክ፦ ብልጦቹ ደግሞ አንቀጽ 96ን ያውቋታል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ለምሳሌ ግልጽ የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ግን አሠሪው ከተጠያቂነት ይድናል። ፎርማኑ ጠዋት «ቤልት ልበሱ» ብሎ ይጮሃል፤ በቃ፣ መመሪያ ተሰጠ።

ሞራሌ፦ «ሆን ብሎ» የሚለውን ለምን በፎርማኑ ጩኸት ዘለልከው?

ሕግ ነክ፦ አልዘለልኩም። ያለ ውል የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ማን ፊት ቆሞ ነው «ሆን ብዬ አይደለም» የሚለው?

ጥቁር አፈር፦ ሁላችሁም ፎቅ ላይ ናችሁ። ቁፋሮውስ? ጥቁር አፈር በበጋ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ሰው ያታልላል። ሁለት ሜትር ተኩል ያለ ድጋፍ እንጨት ይወርዳሉ፣ የወጣው አፈር ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቆለላል። ዝናብ ሲጥል ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ግድግዳውን ይገምሰዋል። አፈሩን አንድ ሜትር ማራቅ ስንት ብር ይፈጃል?

ሞራሌ፦ ይሄ የሕጉ ጥፋት ነው ወይስ የተቆጣጣሪ?

ፌሮ፦ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ዘበኛው ይደውላል፣ ሄልሜቱ ከስቶር ይወጣል። ያንተ «አይታይም» እሷ ናት።

ሞራሌ፦ ቢያንስ ስቶር ውስጥ አለ። ድሮ እሱም አልነበረም።

ውሃልክ፦ «ሁሉ»ን ግን እስካሁን አላነሣሃትም።