የተሰረዘው ዋጋ እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ?

ሰላም ወገኖች። ኦንላይን ልገዛው ዓይኔን የጣልኩበት ላፕቶፕ አለ። ሱቁ አሁን «40% ቅናሽ» የሚል ቀይ ምልክት ለጥፎበታል፤ አጠገቡ የተሰረዘ «የድሮ ዋጋ» ይታያል። ችግሩ ቀደም ብዬ ስክሪንሾት ያነሳሁት ዋጋ ከዚያ ከተሰረዘው በጣም ያንሳል፤ እንዲያውም አሁን በቅናሽ ከሚሉት ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በጣም ያናድዳል፣ ሰው እኮ ያንን ቁጥር አምኖ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው።

ካሜልካሜልካሜል የሚባለው ድረ ገጽ የዋጋ ታሪክ ያሳያል፣ ግን የሚከታተለው አማዞንን ብቻ ነው። ይሄ ሱቅ ሌላ ነው። የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ ሊንኩን አስገባሁት። የድሮው ገጽ ተቀምጦ ተገኘ፣ ዋጋው መታየት ያለበት ቦታ ግን ባዶ ነው፤ ዋጋውን ገጹ ከተከፈተ በኋላ በጃቫስክሪፕት ነው የሚጭኑት መሰለኝ። ጎግል ላይ በሞዴል ቁጥሩ ስፈልግ ደግሞ ሌሎቹ ሱቆች የያዙት ራሙ ወይም ስቶሬጁ የተለየ ነው፣ ስለዚህ ማወዳደር አልተቻለም። የኩፖን ኮድም አግኝቼ ነበር፤ ክፍያ ላይ ስደርስ «ቅናሽ ባለው ዕቃ ላይ አይሠራም» አለኝ።

ሻጩን በቻት ጠየቅኩት። ቅናሹ ሊያልቅ ነው ፍጠን ከማለት ውጪ መልስ የለውም። ገጹ ላይ ያለው ሰዓት ቆጣሪ ግን ሪፍሬሽ ባደረግኩት ቁጥር ከመጀመሪያው ይነሳል። አሮጌው ላፕቶፔ ስለሚሠራ መጠበቅ እችላለሁ።

ዋጋ መከታተያዎቹ በማይደርሱበት ሱቅ ውስጥ ያለ ዕቃ ባለፉት ወራት በስንት ይሸጥ እንደነበር በምን መንገድ ማየት ይቻላል?