አራት የስኩዊድ ፕሮክሲዎችን ለማስተባበር፦ አይሲፒ፣ ዳይጀስት ወይስ ካርፕ?

ጥያቄ፦ በአንድ ግቢ በ10 ጊጋቢት ፋይበር የተያያዙ አራት የስኩዊድ ሰርቨሮች አሉ (ስኩዊድ የወረዱ ፋይሎችን ቅጂ ካሽ ውስጥ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ጠያቂ የሚሰጥ የፕሮክሲ ፕሮግራም ነው)። እያንዳንዳቸው 500 ጊጋባይት የካሽ ዲስክ አላቸው፤ እርስ በርስ የሚጠያየቁት በአይሲፒ («ይህ ፋይል አለህ?» ብለው በሚጠያየቁበት ፕሮቶኮል) ነው። ዋናው ሥራ የኡቡንቱና የዴቢያን ፓኬጆችን በኤችቲቲፒ ማውረድ ነው። ትንንሾቹ ፓኬጆች አራቱም ዲስክ ላይ ተደጋግመው ይገኛሉ፣ ትልልቆቹ ግን ሁልጊዜ ከውጭ ይወርዳሉ። ዘዴውን ወደ ዳይጀስት ወይም ወደ ካርፕ ልቀይር?

መልስ 1፦ የትልልቆቹ ችግር ከዘዴው አይደለም። ስኩዊድ ካልነገሩት በስተቀር ከ4 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ዲስክ ላይ አያስቀምጥም። ማክሲመም ኦብጀክት ሳይዝን (የፋይል መጠን ጣሪያውን) 1 ጊጋባይት ያድርጉት፤ መስመሩ ከካሽ ዲር (የካሽ ዲስኩን ከሚገልጸው መስመር) በላይ ይጻፍ፣ አለዚያ ለዚያ ዲስክ አይሠራም። ለድግግሞሹ ደግሞ በየካሽ ፒሩ (ጎረቤት ሰርቨርን በሚመዘግበው) መስመር ላይ «ፕሮክሲ-ኦንሊ» ይጨምሩ። ከጎረቤት የመጣ ፋይል እዚህ ድጋሚ አይጻፍም፤ በ10 ጊጋቢት መልሶ ማምጣት አይከብድም።

መልስ 2፦ አይሲፒ ዲስኩ ላይ ለታጣ ለእያንዳንዱ ፋይል 3 ጥያቄ ልኮ 3 መልስ ይጠብቃል። የዩዲፒ ፖርት 3130 በፋየርዎል ከተዘጋ ጎረቤቱ እንደሞተ እስኪቆጠር ድረስ ሁሉም ይዘገያል። ዳይጀስት (ጎረቤቱ ያሉትን ፋይሎች የሚያሳይ የታመቀ ማጠቃለያ) ይህን ያስቀራል፤ ለአንድ ሚሊዮን ፋይል በ5 ቢት ሒሳብ 625 ኪሎባይት ብቻ ነው። ግን ከ100 ጥያቄ 9 ያህሉን «አለ» ብሎ ያሳስታል (8 ቢት ቢሰጡት ወደ 2.4 ይወርዳል)። ከዚህ የባሰው የሚታደሰው በየሰዓቱ መሆኑ ነው፦ አዲስ ፓኬጅ ወጥቶ ሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ ሲጠይቅ ዳይጀስቱ ገና አያውቀውም። ለእርስዎ ሥራ አልመክረውም።

መልስ 3፦ እኔ ካርፕን (ፋይሎችን በአድራሻቸው ለሰርቨሮች የሚያከፋፍለውን ዘዴ) ነው የምለው። ዩአርኤሉ (የፋይሉ አድራሻ) ሃሽ ተደርጎ (በቀመር ወደ ቁጥር ተቀይሮ) ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር ብቻ ስለሚሄድ መጠያየቅ የለም፣ ቅጂውም አንድ ነው፤ 500 የነበረው ካሽ 2 ቴራባይት ይሆናል። ፊት ለፊት ዲስክ የሌለው ስኩዊድ ያቁሙ፤ አራቱን «ፓረንት» እና «ካርፕ» ብለው ይመዝግቡ፣ በአራቱ መካከል ያለውን የአይሲፒ ትስስር ያጥፉ። «ኔቨር ዳይሬክት» (በቀጥታ ወደ ውጭ አትሂድ) የሚለውን ለፓኬጅ ማከማቻዎቹ ብቻ ይፍቀዱ፤ ለሁሉም ከፈቀዱት የኤችቲቲፒኤስ ትራፊክ ካሽ ሳይሆን በከንቱ በአራቱ በኩል ይዞራል። በአራቱ ላይ «ኮላፕስድ ፎርዋርዲንግ» ቢበራ በአንድ ጊዜ የመጡ ተመሳሳይ ጥያቄዎች አንድ ማውረድ ይጋራሉ።

ጠያቂ፦ አንዱ ቢወድቅስ?

መልስ 3፦ የእሱ ሩብ ብቻ ወደ ሦስቱ ይበተናል፤ የሌሎቹ ድርሻ ባለበት ይቆያል። ፊት ያለው ስኩዊድ ግን አንድ ብቻ ከሆነ እሱ ሲወድቅ ሁሉም ይቆማል፤ ሁለት አድርጓቸው፣ የካሽ ፒር መስመሮቹም በስምና በክብደት አንድ ዓይነት ይሁኑ። ካልሆኑ ሃሹ ስለሚለያይ ድግግሞሹ ይመለሳል።