ሠራተኞቻችን ዊኪፔዲያ ላይ የጤና ጽሑፍ እንዲያስተካክሉ ላሰለጥናቸው ነው፣ ከየት ልጀምር?

ሲስተር_ከወረዳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ጤና ትምህርት ክፍል ነው። ሰኞ ዕለት አለቃዬ ጠራኝና «አማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ ስለ በሽታ የተጻፈው ሁለት ሦስት መስመር ነው፣ ሠራተኞቹን ሰብስቢና አሰልጥኛቸው» አለኝ። 12 ሰዎች ናቸው። ነርሶች፣ ሁለት ፋርማሲስቶች፣ አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ። የተሰጠን ሁለት ቀን ነው። እኔ ራሴ በሕይወቴ ኤዲት ያደረግኩት ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዱ የሰፈሬ ስም ላይ የጎደለች ፊደል መጨመር ነበር፣ እሱም ሥራ ከተባለ።

አምና አንዴ ሞክረን ጉድ ሆነናል። ሁሉም ባንዴ አካውንት ሊከፍቱ ተቀመጡ፣ ስድስት ሰው እንደከፈተ ቀጥ አለ፤ የቀሩት ዛሬ አይቻልም ተባሉ። የከፈቱትም ስለ ደም ግፊት ከብሮሸራችን ገልብጠው ለጠፉ፣ በማግስቱ ስንገባ የለም። ተሰርዟል። አንዷ ነርሳችን «14 ዓመት በሽተኛ ሳክም ኖሬ፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ጽሑፌን ያጠፋዋል?» ብላ ላፕቶፑን ዘግታ ወጣች። መልስ አልነበረኝም። ዘንድሮ እንዳይደገም ምን ላድርግ?

የድሮ_አርታኢ፦

እህቴ፣ አካውንቱ የቆመባችሁ የናንተ ጥፋት አይደለም። ከአንድ የኢንተርኔት መስመር በቀን ከ6 በላይ አካውንት መክፈት አይቻልም፣ አጭበርባሪ እንዳይበዛ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ከሥልጠናው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ቤቱ፣ በራሱ ሞባይል ዳታ ይክፈት። ኢሜይል ማስገባት እንዳይረሱ ንገሪያቸው። በሆስፒታሉ ስም አንድ አካውንት ከፍታችሁ ተራ በተራ እንዳትገቡበት ደግሞ፣ ይዘጋባችኋል። አካውንት የአንድ ሰው ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለሥራችሁ ደመወዝ እየተከፈላችሁ፣ የሥራችሁ አካል ሆኖ ከጻፋችሁ፣ አሠሪያችሁ ማን እንደሆነ መግለጽ ግዴታ ነው። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአጠቃቀም ደንቡ ውስጥ ገብቷል። ዊኪፔዲያ ውስጥ ባለው የግል ገጻቸው ላይ አንድ መስመር ይጻፉ፣ አለቀ። ስለራሳችሁ ሆስፒታል ግን አትጻፉ።

ብሮሸሩ የተሰረዘው በባለቤትነት መብት ነው የሚመስለኝ። እናንተ ያዘጋጃችሁት ቢሆንም ዊኪፔዲያ ያንን አያውቅም። እዚያ የሚለጠፍ ነገር ማንም እንዲወስደው፣ እንዲቀይረው፣ እንዲሸጠውም ጭምር የተፈቀደ መሆን አለበት።

ላኮረፈችው ነርስ ደግሞ ይህን ንገሪያት። የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም እንኳ 2009 እ.ኤ.አ. ላይ ሳይንቲስቶቹንና ሠራተኞቹን ሰብስቦ ዊኪፔዲያ እንዴት እንደሚሠራ አሰልጥኗቸዋል። እነሱም እንደማንኛውም ሰው ምንጭ ማስቀመጥ ነበረባቸው። «ማን ነሽ?» አትባልም፣ «ከየት አመጣሽው?» ነው የምትባለው።

ፋርማሲ_ቤት፦

ምንጭ ከተነሳ እኔም ልጨምር። ጤና ላይ ያለው ደንብ ከሌላው ይጠብቃል። አንድ ጥናት አይበቃም። አይጥ ላይ የተሠራማ ጭራሽ። የሚፈለገው ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ጽሑፍ፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ የኮክሬን ግምገማ (ኮክሬን የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው)፣ እንደዚህ ያለ ነው፤ እሱም በተቻለ መጠን ካለፉት አምስት ዓመታት ወዲህ የወጣ ቢሆን ይመረጣል። የጋዜጣ ዜና አይሆንም፣ የቴሌግራም ቻናል በፍጹም።

ለሁለቱ ፋርማሲስቶችሽ ደግሞ አደራ፣ ዶዝ እንዳይጽፉ። እኛ እጃችን ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ሳናስበው ነው የምንጽፈው፣ «በቀን ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ፍሬ»። አማርኛውን ማን ነው የሚያነበው? አረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ፣ ሐኪም ቤት የሚወስዳት ያጣች ልጅ ሌሊት በስልኳ ልታነበው ትችላለች። ክብደቷን አታውቂ፣ እርጉዝ ትሁን አትሁን አታውቂ። መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ፣ ለማን እንደማይሆን ጻፉ፣ ፍሬ አትቁጠሩ።

አስተርጓሚዋ_ዲሲ፦

ሰላም፣ እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛና ሐኪም የማስተረጉም ነኝ። ከሁሉም የከፋው አጻጻፉ ነው ባይ ነኝ። የጤና ባለሙያ እጁ የለመደው ትእዛዝ ነው፤ «ጨው ይቀንሱ! በየጊዜው ይለኩ! ሐኪምዎን ያማክሩ!» ግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ ፖስተር ጥሩ ነው። ኢንሳይክሎፒዲያ ግን አንባቢውን አያዝም፣ ይነግረዋል እንጂ። «ጨው መቀነስ የደም ግፊት ዝቅ እንዲል ይረዳል»፣ ከዚያ ምንጭ። የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ሙሉ ለዚህ ብትሰጪው አያስቆጭሽም። ያንኑ ብሮሸር አውጪና እያንዳንዱን ትእዛዝ ወደ ሐተታ ያዙሩት። እስኪያልቅ ኮምፒውተር አይከፈት።

ሁለተኛው ስም ነው። ሰው «ምች መታኝ» ይለኛል፣ ሐኪሙ ምን ማለቱ ነው ይለኛል፣ ከንፈሩ ላይ ወጥቶበት እንደሆነ ወይስ አተኩሶት እንደሆነ መጠየቅ አለብኝ። የወፍ በሽታም እንዲሁ ነው፣ ዓይን ቢጫ መሆኑ ምልክት ነው፣ ጉበቱን የያዘው በሽታ ሌላ ነው፣ ስሙ ግን ሁለቱንም ይሸፍናል። በጣም የሚያስፈራኝ ግን ዝሆኔ ነው። እንግሊዝኛውን ከፍቶ፣ በትንኝ የሚተላለፈውን ትል የሚያመጣውን በሽታ ተርጉሞ ዝሆኔ ብሎ የሚለጥፍ ሰው አይጠፋም። ደጋ ላይ ያለው ገበሬ ግን እግሩ ያበጠው ቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን ለዓመታት በመሄዱ ነው። ትንኝ የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ጫማ ይከላከለዋል። ተላላፊ ነው ብለው ሠርግ ላይ እንኳ የማይጠሩት ሰው አለ፣ እናንተ ደግሞ ትንኝ ብላችሁ ብትጽፉለት አስቢው። አንድ ስም፣ ሁለት በሽታ። መጀመሪያው መስመር ላይ ይለይ።

ፊደሉንም አትርሺ። አንዱ ሕክምና፣ አንዱ ህክምና ብሎ ነው የሚፈልገው። ፀረ እና ጸረም እንደዚያው። በሌላው አጻጻፍ የፈለገም እዚያው ገጽ ላይ እንዲደርስ መምሪያ ማስቀመጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

አልስማማም፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ሥልጠናው ራሱ አልገባኝም። 12 ሰው፣ ሁለት ቀን፣ ሻይ በዳቦ፣ ሰርተፊኬት፣ ፎቶ። በሦስተኛው ሳምንት ማን ይቀራል? አይቼዋለሁ፣ ማንም።

እንግሊዝኛው ላይ ስህተት ብትጽፊ በደቂቃዎች ውስጥ አንዱ ይነቅልብሻል። አማርኛው 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ አለው፣ የሚጠብቀው ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። የተሳሳተ ነገር ከገባ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ያንቺ ብሮሸር በማግስቱ መሰረዙ እኮ ዕድል ነው! የሚያይ ሰው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ከ12ቱ ማንበብ የሚወዱ ሦስት ሰዎች ምረጪ። አዲስ አይጻፉ። ያሉትን ያንብቡ፣ የተሳሳተውን ያውጡ፣ ገጾቹን መከታተያ ዝርዝራቸው ውስጥ ያስገቡ፣ በየሳምንቱ አርብ ግማሽ ሰዓት ይዩ። ይኸው ነው።

የድሮ_አርታኢ፦

በሦስቱ ሰው እስማማለሁ፣ አዲስ አይጻፉ በሚለው ግን አይደለም። ምንም የሌለበት በሽታ ሞልቷል። ረጅም አይሁን ብቻ። ኢቦላ እ.ኤ.አ. በ2014 ምዕራብ አፍሪካን ሲያምስ፣ ዊኪፔዲያ ላይ የሚጽፉ ሐኪሞችና በጎ ፈቃደኛ ተርጓሚዎች ወደ ብዙ ቋንቋ ያደረሱት ሙሉውን ጽሑፍ አልነበረም። በቀላል ቋንቋ የተጻፈች አጭር ማጠቃለያ ናት። አራት አንቀጽ በቂ ነው። መጀመሪያ የሙከራ ገጻቸው ላይ ይጻፉት፣ ሌላው ያንብበው፣ ከዚያ ይውጣ።

ሲስተር_ከወረዳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ይበዛል ብዬም አልጠበቅኩም። ለአለቃዬ 12ቱ አንድ ቀን፣ ከዚያ የፈለጉት ብቻ ይቀጥሉ ብዬዋለሁ፤ ፊቱን አኮማተረ ግን እሺ አለ። አርብ አርብ ግማሽ ሰዓቷንም ጠይቄያለሁ፣ እሷን ገና አልመለሰልኝም።

ያቺ 14 ዓመት ያልኳችሁን ነርስ ዛሬ ምሳ ላይ የዝሆኔውን አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «የጎረቤታችን እግር እንደዚያ ነበር፣ ልጆች ሆነን ውኃ በጠጣበት ጣሳ አትጠጡ እንባል ነበር» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እሱን እኔ ነኝ የምጽፈው፣ ለማንም እንዳትሰጪ» አለችኝ። ችግሩ አምና የከፈተችው አካውንት ፓስወርዱ ጠፍቶባታል፣ ኢሜይልም አላስገባችም ነበር። ይመለሳል?

የድሮ_አርታኢ፦

ኢሜይል ከሌለው አይመለስም። አዲስ ትክፈትና የግል ገጿ ላይ የድሮውም የኔ ነበር ብላ ትጻፍ። ቤቷ ሆና ትክፈት ብቻ፣ ሆስፒታሉ ዋይፋይ ላይ እንዳትሞክረው።